በአቦ ማኅበር የአባቴ ቦታ

«አባትሽን ለሁለተኛ ጊዜ የገደልሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ ባለፈው የአቦ ዕለት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ።

ጋሽ ታደሰ ከአባቴ ጋር አንድ ፋብሪካ የሠሩ፣ የአቦ ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው። የአባቴን ቦታ ጥዬ ማኅበሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ቤታቸው የሄድኩት ታናሽ እህቴን ሜሮንን በአባታችን ቦታ ሊያስቀምጧት መጥራታቸውን ሰምቼ ነው። አሁን ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዤ የመጣሁት ይዣት ልመለስ ነበር፤ እሷ ግን ገና አልደረሰችም። ስጠብቃት እኔ በዚያ ቦታ የተቀመጥኩበት ጥቅምት ትዝ አለኝ።

ያኔ ኮዬ ፈጬ የጤፍ ማሳ ነበር። እኛ አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ እንኖር ነበር። አባቴ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እንደኛ ሰፈር ልማድ ሰው ቢሞትም የጽዋ ቦታው አይሞትም፤ ልጁ ይወርሰዋል። እናቴ ወንድ ልጅ የላትም፣ ሜሮን ገና ሕፃን ናት። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላኝ እኔ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። መምህር ስሜን ሲጠራ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ይመታል፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ዶሮ የጫረው ይመስላል። «የሰካራሙ ልጅ ሳትጠጣ ትንቀጠቀጣለች» ይሉኝ ነበር። ቀልዱ እውነት ስለነበረ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅተው እያየሁ ነው ያደግሁት፤ መጠጡ ያመጣበት ጣጣ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። የእኔን ምን እንዳመጣው ግን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መንገዱ ጎርበጥባጣ ሆኗል። ወንዙ የተለመደ የቀለም ሽታውን ይዞ ይወርዳል። ከእናቴ ጋር ስንገባ የጋሽ ታደሰ ቤት ሞልቷል፤ ጉዝጓዙ፣ ንፍሮው፣ የላብና የጌሾ ሽታ። በሁለት ሽማግሌዎች መሀል አስቀመጡኝ። ጸሎት ተደረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ከዚያ ጠላ በጣሳ መጣ። የመጀመሪያውን ግማሹን ቀሚሴ ጠጣው። ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያ አዩልኝ።

ሁለተኛውን ስጨርስ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቆመ። ወፍጮ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ነው እስከዚያ ድረስ ሲጮህ እንደነበረ የሚገባህ። ጋሽ ታደሰ «በይ ራስሽን ለማኅበርተኛው አስተዋውቂ» አሉኝ። ተነስቼ ተናገርኩ። ድምፄ አልተቆራረጠም። እንዲያውም ቤቱን ሁሉ አሳቅሁት።

«የአባቷ ልጅ! ድገሟት!» አሉ ጋሽ ታደሰ። ጣሳውን ዘረጋሁ፤ እስከ አፉ ተሞላ፣ እጄ ግን ንቅንቅ አላለም።

እናቴ ከበሩ አጠገብ ሆና ታየኛለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። በወንዶቹ መሀል ሰንጥቃ መጥታ ጣሳውን ነጠቀችኝና ጠላውን ጉዝጓዙ ላይ ደፋችው። በማኅበር ላይ እንዲህ ያለ ነውር ማንም አይቶ አያውቅም። እጄን ጎትታ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ አቆመችኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«እጅሽ ቆመ።»

«ቢቆምስ? አይሻልም?»

«አባትሽ ስንጋባ ጠላ በአፉ አይዞርም ነበር። እንደ አንቺ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ቀለበት ማጥለቅ አቅቶት ሚዜው ነው እጁን የያዘለት። ከዚያ ጠጅ አጠጡት፣ እጁ ቆመ። ደስ አለኝ። ሁለተኛውን እኔው ነኝ የቀዳሁለት።»

ለካ መጠጡ አልነበረም ያንቀጠቀጠው፤ መንቀጥቀጡ ነው ያስጠጣው። እሱን ደግሞ እኔ ምንም ሳልቀምስ ወርሼዋለሁ።

ኋላ ጤና ጣቢያ አንዲት ሐኪም «ጭንቀት በዘር ሊወርድ ይችላል፤ የወረደበት ሁሉ ግን ይጠጣል ማለት አይደለም» ብላኛለች። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተንቀጠቀጥኩ አለሁ፣ ከዚያ ቀን በኋላም አልቀመስኩም። ሜሮን ከእኔ ትብሳለች፤ ሰው ፊት ሻይ እንኳ አትጠጣም። እናቴ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አርፋለች።

ይህን ሳስብ ሜሮን ገባች። አየችኝና ፈገግ አለች። ጋሽ ታደሰ በአባታችን ቦታ አስቀምጠው የሞላ ጣሳ ሰጧት። ተቀበለችና ገና ሳትቀምሰው በአንድ እጇ ይዛ ከጎኗ ካሉት ጋር ማውራት ጀመረች። ጠላው እንኳ አልተናጠም። ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ሜሪ፣ ቀምሰሽ ነው የመጣሽው?»

«ሰው ይበዛል ብዬ ነው። ትንሽ ናት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው የሚበዛበት ስሄድ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው። አትቆጪኝ።»

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ።»

«ተያት እንጂ አንቺ ደግሞ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እናቴ እንዳደረገችው ጣሳውን አልነጠቅኩም፤ ቦርሳዬን አንስቼ ብቻዬን ወጣሁ።