የአባባ ፈንታ ተረከዝ

ልጅ ሳለሁ፣ እንጅባራ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ማታ ማታ የአያቴን የአባባ ፈንታን እግር የማጥበው እኔ ነበርኩ። ታላላቆቼ እንኳ ገበቴውን ደፍረው አይነኩብኝም። ያኔ እግር ያጠበ ልጅ ምርቃት ያገኛል፤ እኔ ግን ከአባባ ምርቃትም ተረትም ነበር የማገኘው። ተረቱ የሚቆየው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ስለነበር፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ፍል አድርጌ አመጣለሁ። ቀርከሃው እሳት ውስጥ ጧ እያለ፣ ረመጥ ውስጥ የቀበርነው ድንች እየሸተተ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እሳቸው በአውንጊ ይጀምሩና ተማሪ ቤት መግባቴ ትዝ ሲላቸው ወደ አማርኛ ይሻገራሉ፤ ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሳያውቁት ይመለሳሉ።

የአባባ ተረት ሁሉ ስለ ፈረስ ነው። በጥር የጉግስ ቀን የሰፈራችንን ፈረሰኞች ከፊት ሆነው የሚመሩትም እሳቸው ነበሩ። ልማዱ ጥብቅ ነው፤ መሪው ጎህ ሲቀድ፣ ፈረሰኛው ሁሉ እያየው፣ ማንም ሳይደግፈው ኮርቻ ላይ ይወጣል። ካቃተው ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ተከታዩ ጎረቤታችን አቶ ቢተው ነበሩ፤ አባባን ከልብ ያከብሯቸዋል፣ ቦታቸውንም ከልብ ይመኙታል።

ያን ዓመት አባባ አንድ ዳማ ፈረስ ሲገሩ ከረሙ። ከመኪና ድምፅ ጋር ይለማመድ ብለው፣ ዳንግላ ገበያ የገዙትን ድርቅ ያለ ጫማ ተጫምተው፣ ቀኑን ሙሉ በጠጠሩ መንገድ እየጎተቱት ይውላሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ጠዋት ጠዋት የማየውን ነገር ማየት የጀመርኩት። ሌላው ሰው ሳይነሣ ቀስ ብለው ከመደቡ ይወርዳሉ፤ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጡ ግን ግድግዳውን ይዘው የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቀጥ ብለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ወደ ፈረሱ ይወጣሉ።

ያመማቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሲሞቅ ይተወዋል» ይሉኛል። እውነትም ሲሄዱበት ይተዋቸው ነበር፤ ስለዚህ መድኃኒቱ መሄድ ነው ብለው ከበፊቱ አብዝተው ሄዱ። ማታ ሳጥባቸው ተረከዛቸውን ከውስጥ በኩል ነካ ሳደርገው እግራቸው ከገበቴው ዘሎ ይወጣ ጀመር። እናቴ የተደፋ አመድ ረግጠው ይሆናል ብላ ጸበል አለች፣ አጎቴ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። አባባ ሁለቱንም ተቆጧቸው። «ማን አመመኝ አላችሁ?»

በኅዳር አንድ ማታ ስለ አንድ ባላባት አወሩልኝ። ሰውየው ፈረሱን ሌቱን ሲቆም ካደረበት ጋጣ አውጥቶ ወዲያው ይጋልበዋል። ፈረሱ ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት እርምጃ ያነክሳል፣ ከዚያ ይተወዋል። ፈረሶቹን የሚጠብቀው ባልደራሱ «ጌታዬ፣ ሲቆም ያደረ ጅማት ያጥራል፤ ሳይጫን እግሩን ስበን እንሸው» ቢለው፣ ባላባቱ «ሲሞቅ ይተወዋል» እያለ ጋለበው። በሠርጉ ቀን፣ ሙሽራዋ ደጅ ሲደርስ፣ የፈረሱ ጅማት ተበጠሰ።

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን እያሉ ነው ጠዋት ጠዋት?»

ውሃው ገና እየጨሰ እግራቸውን አወጡ። ያን ማታ ሳልመረቅ ተኛሁ፤ አለቀስኩም።

በማግስቱ ግን ቀድሜያቸው ተነሣሁ። ገና ከመደቡ ሳይወርዱ እግራቸውን ያዝኩና፣ እሳቸው ፈረስ ሲያሹ እንዳየሁት፣ ጣቶቻቸውን ወደ ቅልጥማቸው ቀስ አድርጌ ሳብኩ።

«ምን እያረግሽ ነው አንቺ? ፈረስ አረግሽኝ?»

«ፈረስ ቢሆኑማ እስካሁን ይድኑ ነበር!»

ሳቃቸው ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። እግራቸውን ግን አልነጠቁኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ እስኪደግሙ ድረስ ጣታቸውን ስቤ እይዛለሁ፣ የእግራቸውን ሥር በቅቤ አሻለሁ። ከዚያ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው ገፍተው፣ ተረከዛቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ባታቸውን ያፍታታሉ። ጫማቸው ውስጥ የበግ ለምድ ቆርጠን አነጠፍን። ዳማውን መጎተት ለአጎቴ ተሰጠ፤ ይህችኛዋ ከሁሉ ይልቅ ከበደቻቸው። በሳምንት አልዳኑም፣ በሁለትም አልዳኑም። ጥር ሲቃረብ ግን ግድግዳ መያዝ ተዉ።

የጉግሱ ቀን ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። አባባ አንድ እግራቸውን እርካብ ውስጥ አስገብተው ባመማቸው መሬት ሲረግጡ፣ እኔ ከእናቴ ነጠላ ሥር ትንፋሼን ያዝኩ። ብድግ አሉና ኮርቻው ላይ ጉብ! ሰዉ እልል አለ። «አንተ ሰው አታረጅም!» አሏቸው አቶ ቢተው።

አባባ ምስጋናውን ተቀብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ዳማውን ገታ አድርገው ጮክ አሉ። «አርጅቻለሁ እንጂ! ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ስሄድ ነበር። ያዳነችኝ ያቻት፣ የልጅ ልጄ፤ እንደ ፈረስ አክማኝ!»

ፈረሰኛው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ቢተው ብቻ አልሳቁም። ያን ዕለት ማታ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ፤ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ፈረስ ዋጋ ብዙ አወሩ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። «እስቲ ልጄ፣ ይቺን ተረከዜን እያት» አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁሉም የየቤታቸውን ግድግዳ ይዘው፣ ሁሉም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ከርመዋል። ቤታችን ማታ ማታ በሽማግሌ እግር ተሞላ፤ እኔም ከእያንዳንዳቸው ተረት ሳልቀበል አላሽም አልኩ።

ዛሬ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ከእግር ሥር ያለው ጅማት መሄድ ሲበዛበት ይቆስላል፣ ሌሊት ይኮማተራል፣ ጠዋት በድንገት ሲረገጥ ያማል። አባባ ይህን በፈረስ እግር ያውቁት ነበር፤ በራሳቸው እግር እንዳያውቁት ያገዳቸው ኩራት ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰው ፊት ቀና ብዬ የምኮራባቸው በዚያች የጉግስ ጠዋት በተናገሩት ነው። ኮርቻ ላይ መውጣትማ አቶ ቢተውም ይችሉበት ነበር፤ «አሞኝ ነበር» ብሎ ለመናገር ግን አባባን የቀደመ አልነበረም።