የግራዋ እጀታ

ሰውየው ከሥራ ሲወጣ ኮምፒውተር ቤቱ ጥግ ይቀመጥና፣ በክር የታሰረ መነጽሩን አጥልቆ፣ ለኮምፒውተር የባቡር መንዳት ጨዋታ የሚሆን የእንፋሎት ባቡር ስክሪኑ ላይ ይሠራል። ዛሬ ከነጂው በር ግራና ቀኝ ካሉት እጀታዎች የግራዋ ላይ አቀርቅሮ፣ በእጅ ብዛት ያለቀች እንድትመስል ቀለሟን እየላጠ ነው።

“ጋሼ፣ ይቺን ደግሞ ማን ያይልዎታል?” አለች የቤቱ ባለቤት እየሳቀች።

“አባቴ ናቸዋ የሚያዩት! ባቡሯን ሠላሳ ዓመት ነድተዋታል። ትናንት ግን ‘ይቺ የእኔ አይደለችም’ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ለካ የላጥኩት የቀኟን እጀታ ነው። እሳቸው እኮ ግራኝ ናቸው።”

በማግስቱ ሽማግሌው የልጃቸውን ክንድ ተደግፈው መጡ። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እጀታዋ ዘረጉ። ልጃቸው በልቡ ተመስገን አለ።

“በል፣ እሳቱን ጨምር፤ ረፍዶብናል” አሉት።