የወርቅነሽ እጅና የሳሙና ፍሬ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ «እጅሽን አሳዪኝ» ስላት ወርቅነሽ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ በልጅነታችን ጥፍራችን ሲታይ እንደምናደርገው።

ወርቅነሽ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ቢሮ ታጸዳለች። መዳፏ በበረኪና ተሰነጣጥቋል።

«የልጄን ጸጉር መሥራት አቃተኝ፣ እማማ። ‹እጅሽ ይቧጭረኛል› እያለች ትሸሸኛለች» አለችኝ።

ለቤቷ እንኳ እጅ የማይጎዳ ማጽጃ ይሁን ብላ የሳሙና ፍሬ የሚሉትን፣ ቅርፊቱ አረፋ የሚሰጥ የደረቀ ፍሬ ገዝታለች። ከረጢቱ ላይ «አዲስ የተፈጥሮ ግኝት» ይላል። ጎንደር ላይ ልብሳችንን በእንዶድ ያጥቡ የነበሩት እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

እንዶድ አይደለም፤ ሥራው ግን ይመሳሰላል። ቅርፊቱን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አሽቼ አጠለልኩት።

«አረፋው ትንሽ ነው እኮ፣ እማማ!»

«የሚያጸዳው አረፋው አይደለም፣ ልጄ፤ ማሸቱ ነው።»

ቅባት የያዘ ድስቴን አጠብኩበት፤ ጠራ። ከዚያ ውሃውን አቅጥኜ እጇን ቀስ አድርጌ አጠብኩላት።

«አይቆጠቁጥም» አለችና እንባዋ መጣ። የሰው እጅ ካጠባት ስንት ጊዜዋ ይሆን?

«ቁስሉን ሐኪም ይየው። ለሥራሽም ጓንት ጠይቂ።»

«ነገ እጠይቃለሁ።»

«ነገ የለም። ስልክሽ የታለ?»

እዚያው እፊቴ ለአለቆቿ ደወለች። ጓንቱን እሺ ብለዋታል።

እጇ እስኪድን የልጅቷን ጸጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ዛሬ ጀመርኩ፤ ልጅቷም ወዲያው፣ እዚህ እስራኤል አያትን በዕብራይስጥ እንደሚጠሩት፣ «ሳፍታ፣ አንቺ ደግሞ በጣም ታጠብቂያለሽ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እናንተስ ለተጎዳ እጅ የሚራራ ምን ማጠቢያ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ መጠኑን ግን በትክክል።