የጋሽ ሽኩር «ፖላንድ» እውነተኛ ለቅሶ

ዛሬ ጠዋት ከቡታጅራ ደውለው «ጋሽ ሽኩር አረፈ» ሲሉኝ፣ «ደግሞ የምን አድማ ነው?» አልኩ። ደዋዩ ሲያለቅስ ነው የደነገጥኩት። ያም ሆኖ ሌላ ሰው ደውዬ እስካጣራ ድረስ አላመንኩም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ጋሽ ሽኩር ቡታጅራ አብረን የሠራንበት የበርበሬ ፋብሪካ ኤሌክትሪሲያን ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበራችንም ሊቀመንበር። ፖላንድ ውስጥ አንድ የመርከብ ፋብሪካ ኤሌክትሪሲያን የሠራተኛ መሪ ሆኖ፣ በኋላ አገር መምራቱን በሬዲዮ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን የአጎቱ ልጅ አደረገው። ፊውዝ እየቀየረ «እሱም እንደኔ ሽቦ ነበር የሚቀጥለው» ይለናል። ስሙ «ፖላንድ» ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በዚህ ዘመን ጮክ ብለህ «አድማ» ካልክ ፀረ ልማት ነህ። ጋሽ ሽኩር ግን መላ አያጣም። በጉራጌ አገር ለቅሶ ልድረስ ያለን ሰው የሚከለክል አለቃ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ቆሼ ከተማ ያሉትን አክስቱን ገደላቸው። ፋብሪካው እንዳለ «ለቅሶ» ወጣ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ለበርበሬው ብናኝ የጠየቅነው የአፍ መሸፈኛ ተሰጠን። ሴትዮዋ ደህና ናቸው! ሲሰሙ «ደግመህ ስትገድለኝ አስቀድመህ ንገረኝ» አሉት አሉ።

«ማን ሞተ አትበሉ፤ ማን ቀረ በሉ» ይለን ነበር። ከለቅሶ ቀርቶ ሥራ የገባ ሰው እሱ ዘንድ ሰላይ ነው።

ሁለተኛው ለቅሶ ብናኙን የሚያወጣ ማራገቢያ እንዲገባልን ነበር። አክስትየው እንደገና «ሞቱ»፣ እኛም ወጣን። የቀረው እሱ ነው። «ከሥራ አስኪያጁ ጋር ልደራደር» አለ። ስንመለስ እኔና የሥራ ባልደረባችን ዘይነባ ከበር ተመለስን፤ ተባረናል። ሠራተኛውን ያስተባበርነው እኛ መሆናችንን ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሽኩር ወልቂጤ ላይ ተሾመ።

ዘይነባ ደረቷ በበርበሬ ብናኝ ያለቀ ልጅ ነበረች። ሥራዋ ሲቀር ሕክምናዋም ቀረ። ሞተች። ይሄኛው የውሸት ለቅሶ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሽኩር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ። ወልቂጤ ምረቃው ላይ ሄድኩ። ስለ ፖላንድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ስለ እኛ ግን «ችግሩ በውይይት ተፈታ» ይላል፣ በቃ።

«ጋሽ ሽኩር፣ ዘይነባ የት ገጽ ላይ ናት?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ እኔ ስም አልሰጠሁም!»

«ስም ሰጠህ መቼ አልኩህ?»

ከኋላዬ የቆመውን ሰው መጽሐፍ ተቀብሎ መፈረም ጀመረ።

ምናልባት «ጠቆማቸው» የሚለው ሐሜት ቀድሞ ደርሶት ይሆናል። ምናልባት ሌላ ሰው ነው የጠቆመን። እስከ ዛሬ ይሄን እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ እነዚያው ያባረሩን አለቆች «ታላቁ የሠራተኛው ታጋይ» እያሉ ፎቶውን ሲለጥፉ ሳይ ጥርጣሬዬ ባሰ። እናንተ ለሠራተኛ ሰው ያለቀሳችሁት ከመቼ ወዲህ ነው? (ይህን ፖስት ስክሪንሾት የምታደርጉም አላችሁ፤ አድርጉ።)

ግን እወደው ነበር። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ጋሽ ሽኩር፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ትቀበራለህ፤ እኔም መንገድ ላይ ነኝ። ከቀብሩ በፊት «ሐቅ ያለው አፉ ይበለው፣ ይቅር ይበለው» ሲባል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» ይላል። እኔ «ብለናል» አልልም። የራሴን አፉ ብዬሃለሁ፤ አላህ ይዘንልህ። የዘይነባን ግን ወዳለችበት እየሄድክ ነውና፣ ራስህ ጠይቃት።