ዘግይተው የደረሱት ደጋፊዎች

ወዳጄ ከበሮውን ከመኪናው ኋላ እንደ አሮጌ ትራስ ወርውሮ በሩን ሲዘጋው፣ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

«በቃኝ» አለ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቤቴ ነኝ።»

ሲያትል አጠገብ ኬንት ካለው ሜዳ ዳር፣ መኪና ፓርክ የሚደረግበት ቦታ ላይ ቆመናል። ቡድናችን አራት ለባዶ ተሸንፎ ልጆቹ ማልያቸውን እያወለቁ ነበር። ልጆቹ ስላችሁ መጋዘን የሚሠሩ፣ ከባድ መኪና የሚነዱ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው በቀጥታ ሜዳ የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ ግን ጥርሱ የራሱ የሆነ ሁሉ ልጅ ነው። ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ደጋፊው መጀመሪያ ሁለት ረድፍ ይሞላ ነበር፤ ከዚያ አንድ ረድፍ ሆነ፤ የዚያን ቀን አራት ሽማግሌዎች ቀረን። ከአራቱ አንዱ ከሁለተኛው ግብ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶታል። እሱ እኔ ነኝ።

ወዳጄ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ደግሞ ይህ ከበሮ ብቻ ነው። ኮል ሳደርግለት ገና በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። የሚሠራው ነገር ያለው ሰው እንደዚያ አያነሳም። ቅዳሜውን ከተወ፣ ያ ቤት ውስጥ እንደ መጋረጃ ተሰቅሎ እንደሚቀር አውቃለሁ።

«ልጆቹ ልብ የላቸውም» አለኝ። «አንተ እንኳ፣ አንተ! ኮሌጅ እያለህ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ አቻ ወጣችሁ። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

እዚህ ላይ ጉልበቴን አመመኝ። የዋሸሁት ነገር ሲነሣ ያመኛል።

እስቲ ልንገራችሁ። ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ትንሽ ኮሌጅ እማር ነበር። የእግር ኳሱ አሠልጣኝ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ያገሬ ሰው በሙሉ ሯጭ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ቆሞ ካልጠበቀኝ የማልደርስ ሰው ነኝ። እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር፤ ማልያው አማረኝና ዝም አልኩ። ክንፍ ላይ አሰለፈኝ። እኔም እንደ ዶሮ ክንፍ ሆንኩለት፤ አለ፣ ግን አይበርም።

ወዳጄ ያነሣው ጨዋታ ዕለት ጉሙ አጠገባችን ካለው ሐይቅ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ተኛ። የቡድን ጓደኞቼ እግር እስከ ጉልበት ይታየኛል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ኳሷ ከነጩ ውስጥ ብቅ ትላለች፣ አድራሻ እንደጠፋባት እንግዳ አጠገቤ ትንሽ ቆም ብላ ተመልሳ ትጠፋለች። እየተጫወትኩ ይሁን ተኝቼ አላውቅም ነበር። የተቆጠሩብንን ግቦች አላየኋቸውም፤ ሰማኋቸው። መረቡ «ሽው» ይላል፣ ከሩቅ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ከዚያ ጸጥታው ይመለሳል። ስድስት ጊዜ ሰማሁ። ዛሬም ሕልም ሳይ ሣሩ እንደዚያ ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ ነጭነት ይሟሟል።

ያገሬ ልጆች ጓደኞቼ ሊያዩኝ ቃል ገብተው ነበር፤ አምስት ሆነው በአንድ መኪና። የእኛ ሰው በአንድ መኪና ሲሄድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዱን ሊወስዱ ቤቱ ይደርሳሉ፤ «ሳትቀምሱማ አትወጡም» ይባላሉ። ቀምሰው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፤ እዚያም ምጣዱ ተጥዷል። ሜዳው ዳር የደረሱት ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። የሚገርመው፣ እነሱ ከዘገዩ ጨዋታውም አብሯቸው የዘገየ መሰላቸው። ማንንም አልጠየቁም። በጉሙ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ሲደለቅ ሰማሁ። ደላቂው ይሄው ወዳጄ ነበር።

«በርታ! ገና ነው! ገና አሁን ተጀመረ!»

ስድስት ለባዶ እየተመራሁ «ገና ነው» ተባልኩ። ሳቄ መጣ። ከሳቁ ጋር እግሬ ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሠልጣኙ ያሰበውን ኢትዮጵያዊ ሆንኩ። ሮጬ ሮጬ ያገኘሁት አንድ የማዕዘን ምት ነው፤ እነሱ ግን ዋንጫ እንዳነሣን ተቃቀፉ። አምበላችን ግራ ገብቶት አየኝና እሱም መሮጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግብ አልገባብንም።

ሲያልቅ ወዳጄ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ መጣ። «ስንት ለስንት?» አለኝ። ላቡና ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። «ባዶ ለባዶ» አልኩት። እሱ ላያት ሩብ ሰዓት እውነት ነው። ያቺን ወሬ ከዚያ ወዲህ በየሰርጉና በየክርስትናው ሲያወራት ኖረ፤ በመጨረሻ በሰማኋት ጊዜ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ መትቼ ነበር።

እና እዚያ ኬንት፣ መኪናው አጠገብ፣ ተናዘዝኩ።

«ስድስት ለባዶ ነበር።»

«ምኑ?»

«ያ ጨዋታ። ስድስት የእነሱ ነው።»

«በልጄ ሰርግ ላይ በማይክራፎን ተናግሬዋለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። አጨብጭቤልሃለሁ።»

«አንተ ቀጣፊ ሽማግሌ!»

«ስማኝ። ባልዲው ሳይመታ ስድስት ገባብን። ከተመታ በኋላ አንድም አልገባም። ልብ የሚባለው ነገር ከእኔ አልነበረም፤ ከዳር ነው የመጣልኝ።»

ወዳጄ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ኮል አደረግኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። አንድ ሰው ከቤት ላወጣ ብዬ ጭራሽ በሩን የቆለፍኩበት መሰለኝ።

ተስፋ ቆርጣችሁ ቤት የቀራችሁ ደጋፊዎች፣ ከልምዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምክር የምሰጥበት ሌላ ሙያ የለኝም። የሚሸነፍ ሰው ጆሮው ይረዝማል። ሰሌዳውን ማየት ይተዋል፤ ዳር ላይ ያለው ሳል እንኳ የማን እንደሆነ ይለያል። ማን እንደቀረም ይሰማል።

ቅዳሜ ሜዳ ስደርስ ቀጭን ዝናብ፣ ዝናብ መሆኑን ራሱ ያልወሰነ ዝናብ፣ ይንሳፈፋል። ወዳጄ ከሁሉ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ከበሮው ጉልበቱ ላይ ነው።

«አላናግርህም» አለኝ።

ሁለት ወንበር ዘልዬ ተቀመጥኩ። ከበሮው ሲጀምር ልጆቹ ዞር አሉ፤ አንዱ እጁን አነሣ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ያቺ አንዷ ስትገባ ወዳጄ የጮኸውን ጩኸት፣ ባለቤቱን ከቀበረ ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ሲያበቃ በረኛውን ጠራው። «ልጄ፣ የሚቀጥለው የት ነው?»

«ሬንተን፣ አባባ። በጠዋት ነው ግን፣ እንዳይቸገሩ።»

«አልቸገርም። ሰዓቱን ንገረኝ።»

ኪሱን ዳበሰ፤ የሚጽፍበት ነገር አጣ። ፊቱን ከእኔ እንዳዞረ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እስክሪብቶ» አለ።