እትዬ ኢሎና እና የፋሲካ ማግስት ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኖርዌይ፣ ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር፣ ጤፍ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ባዶ የሽንኩርት ከረጢት በሩ ላይ ሲያራግፍ ደረስኩ። ቀዩ ልጣጭ በነፋስ ተነስቶ እግሬ ስር ተበተነ። ያ ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል፣ ወደ ጣፋጭነት የሚወስደው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ ቆሜ ቀረሁ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሊያ እጄን ጎትታ "ማማ፣ ኮም ዳ!"፣ ነይ እንጂ፣ እስክትለኝ ድረስ መንገድ መዝጋቴንም አላወቅሁም። ሌላ ሰው የሽንኩርት ልጣጭ ሲሸተው ወጥ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚሉኝ እትዬ ኢሎና ናቸው፣ ሀንጋሪያዊቷ ጎረቤታችን። እሳቸው ትዝ ባሉኝ ቁጥር ደግሞ አንድ ያጠፋሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን እንዳጠፋሁ ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ ብትሉኝ አልችልም። ግን የጥፋተኛ ስሜት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ያደግሁት ሞርተንሩድ ነው፣ ሜትሮው መጨረሻ የሚቆምበት። የእኛና የእትዬ ኢሎና በር ፊት ለፊት ነበር። አባቴ አውቶቡስ ይነዳል፣ እናቴ ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ተራዋ ስላልሆነ ለሳምንቱ የሚበቃ ሽንኩርት ልጣ ታቁላላለች። ታዲያ አንድ ሐሙስ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ እኚህ ነጭ ጸጉራቸውን በመሀረብ ያሰሩ ሴትዮ በሩን አንኳኩተው ፌስታል ዘረጉ። ሽንኩርቱን ሳይሆን ልጣጩን ስጡኝ አሉ። እናቴ ጆሮዋን አላመነችም። ሞልታ ሰጠቻቸውና በሩ ሲዘጋ "ወይ ጉድ! በዚህ በሰለጠነ አገር ሰው ልጣጭ ይበላል?" ብላ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያውኑ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ምስር ወጥ አስይዛ ላከችኝ። "በሁለት እጅሽ ስጪ፤ እትዬ በያቸው፣ በስማቸው ብቻ እንዳትጠሪያቸው" አለችኝ።

ስገባ ልጣጩ በትልቅ ድስት ኮምጣጤ ገብቶበት ይንተከተካል። ጠረጴዛው ላይ እንቁላል ተደርድሯል፣ ሰም በትንሽ ጣሳ ይቀልጣል። እትዬ ኢሎና ቀጭን የቆርቆሮ አፍ ያላት እንጨት ሰም ውስጥ እየነከሩ እንቁላሉ ላይ ይስላሉ፦ የዶሮ ኩክኒ፣ የሣር መቧጠጫ፣ የዛፍ ቅጠል። ከዚያ ልጣጩ ያቀላው ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ሰሙ የነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው የበሰለ ቀይ ይሆናል። ልጣጩ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እናቴ ያሰበችውን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምስር ወጡን ግን አልመለሱም። ቀምሰው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ከመደርደሪያ የፓፕሪካ፣ የአገራቸውን በርበሬ፣ ቆርቆሮ አወረዱና ከፍተው አፍንጫዬ ስር አደረጉልኝ። "የእኛም ቀይ ነው" አሉኝ፣ ዘመድ ያገኘ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬ የሚወድቀው እሳቸው ቤት ሆነ። እናትና አባቴ እስኪገቡ ድረስ እዚያ ነኝ። እንቁላል መሳልን፣ ሊጥ እንደ ወረቀት አሳስቶ መዳመጥን፣ በሀንጋሪኛ መቁጠርን፣ የመንደራቸውን ዘፈን ተማርኩ። እትዬ ኢሎና በወጣትነታቸው አገራቸው ሲታመስ ድንበር ጥሰው የወጡ ናቸው። ይዘውት የመጡት ዕቃ አልነበረም፤ ያላቸው ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፣ እሱንም እኔ ላይ አራገፉት።

የእንቁላሉን ምክንያት የነገሩኝ ቆይተው ነው። በመንደራቸው በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ ወንዶቹ ውሃ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ሴቶቹ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ። ወንዱ በሩ ላይ ቆሞ አጭር ግጥም ይላል፤ አበባዋ እንዳትጠወልግ ውሃ ላጠጣት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይረጫታል፣ እሷ እየጮኸች ቀይ እንቁላል ትሰጠዋለች። ማንም ሳይመጣላት የዋለች ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ሽቶ ጠብ ያደርጉላቸው ነበር። ኋላ ባላቸው ሞቱ። ልጃቸው ስቬን ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አልረጭም ብሏል፤ የሰፈር ልጆች በመስኮት አይተው ስቀውበት ነበር። "እኔም ይቅርበት አልኩ፣ ኖርዌጂያን ይሁን አልኩ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ከእንቁላሉ ሳያነሱ። "ሁለት ቋንቋ ልጅ ያደናግራል ይሉኝ ነበር። ቋንቋውንም አብሬ ተውኩት።" እንቁላሉን ግን አልተዉም። የሚረጫቸው ሳይኖር በየዓመቱ ያቀሉና ለእኛ ይሰጣሉ።

እኛ ቤት ደግሞ ጾም ነው! የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ይዘገያል። እናቴ እንቁላሎቹን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ፍሪጅ ውስጥ ደርድራ "እስከ ፋሲካ የነካ ወዮለት" ትላለች። እትዬ ኢሎና በየጥቂት ቀኑ በራችን ላይ ቆመው "እንዴት ነበር እንቁላሉ?" ይላሉ። እናቴ "ገና ነው፣ አልተፈሰከም" ትላለች። "እናንተ ቤት ጌታ እንቅልፍ ያበዛል" ይሏታል። እናቴ ታማትብና መልሳ ትስቃለች። የቋንቋ ችግር እያለባቸው እነዚህ ሁለት ሴቶች እንዴት እንደሚግባቡ እስካሁን ይገርመኛል።

እናቴ በአማርኛ ስታናግረኝ እኔ የምመልሰው በኖርዌጂኛ ነበር። "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ትለኛለች፤ "ኢንገንቲንግ" እላታለሁ፣ ምንም ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ በር ግን በሀንጋሪኛ ስዘፍን በኮሪደሩ ይሰማታል። "የሰው ቤት ሲሆን ምላስሽ ይፈታል አይደል?" አለችኝ አንዴ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ስለዚህ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር እትዬ ኢሎና ቤት ማንም "የራስሽ ነው፣ ማወቅ አለብሽ" አይለኝም። እኛ ቤት አማርኛ ከቁጣ ጋር ነበር የሚመጣው።

ስቬን እሑድ እሑድ በመኪና ይመጣል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን በሩ ላይ አስተካክሎ የሚያወልቅ ሰው ነበር። እኔና እናቱ እየዘፈንን ሊጥ ስንዳምጥ ከደረሰ እስክንጨርስ ቁልፉን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በኖርዌጂኛ ስለ አየሩ ያወራሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ግን ልጅም ቢሆን የሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይታወቀዋል። እሱ ሲመጣ ተነስቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ከዚያማ አደግሁ። ተማርኩ፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ገባሁ፣ ወለድኩ፣ ማዮርስቱን አካባቢ ቤት ያዝኩ። እናቴ ጋ ስሄድ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳለሁ፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ኋላ በየበዓሉ። አምና በፋሲካቸው ማግስት ከሰዓት በኋላ ስቬን ደወለልኝ። ቁጥሬን ከእናቴ ወስዶ ነው። "ኖርዌጂኛው ጠፍቷታል" አለኝ። "ሲከየም ከገባች ወዲህ ቀስ በቀስ ሄደ፣ አሁን አንድ ቃል የለም። ቀኑን ሙሉ ታወራኛለች፣ ምንም አይገባኝም። እናቴ እኮ ናት።" ሲከየም የምንለው የአረጋውያን መኖሪያውን ነው። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

ስደርስ እትዬ ኢሎና በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አስበጥረው። ቁርስ አልበላም ብለዋል፣ ምሳም አልበላም ብለዋል፣ ከበሩ ሊያርቋቸው ሲሞክሩ ወንበሩን ጨብጠው ጮኸዋል። ነርሷ መድኃኒት ስለመጨመር ታወራለች። ስቬን "ማንን ነው የምትጠብቀው? አባቴን ይሆን?" አለኝ። የእኔ ሀንጋሪኛ ከወጥ ቤትና ከዘፈን አያልፍም፣ ያም ሆኖ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰኞ ነበር። ሴትዮዋ የመንደር ልጅ ሆነው እስኪረጩ እየጠበቁ ነው፣ ቀኑም እየመሸባቸው ነው።

ስቬንን ወደ ኮሪደሩ ጎትቼ "ወንድ ነው የሚረጨው፣ አንተ ነህ" አልኩት።

"እኔ? ስልሳ አልፎኛል እኮ።"

"እሳቸው ግን ገና ልጅ ናቸው።"

ግጥሙን በስንኝ በስንኝ አስያዝኩት። አንደበቱ ተሳሰረ፣ ጆሮው ቀላ፣ በአጠገባችን ሰው ባለፈ ቁጥር ዝም ይላል፤ ያ በመስኮት የተሳቀበት ልጅ አሁንም ውስጡ አለ። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ሳቀብለው እፍረት ይወጥረኝ ጀመር። የእናቱን ቋንቋ ከእኔ፣ ከጎረቤት ልጅ፣ ይለምናል!

በመድኃኒት መዋጫ ኩባያ ውሃ ቀድቶ ፊታቸው ቆመ። ጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋው፣ ከኋላው ሆኜ አንሾካሾክሁለት። ጨረሰና ነጩ ጸጉራቸው ላይ ጠብ ጠብ አደረገላቸው። እትዬ ኢሎና እሪ ብለው ሳቁ! ነርሷ ሮጣ መጣች። እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ የስቬንን አገጭ ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩና አንድ ነገር ጠየቁት።

"ምን አለች?" አለኝ።

ዝም ብዬ ሌላ ነገር ብነግረው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? "ቆንጆ ነህ ብለዋል" ማለት ይቻል ነበር። አልቻልኩም። ከዚያ ቤት ብዙ ወስጃለሁ፣ ይህንን እንኳ ሳልነካ ላስረክበው አልኩ።

"የማን ልጅ ነህ አሉህ።"

ስቬን ኩባያውን አቀበለኝ። ከዚያ "በእሷ ቋንቋ እንዴት ነው የምመልሰው?" አለ። ነገርኩት። የኢሎና ለማለት አንዲት ቃል ናት። ስቬን ቃሉን አለው። በደንብ አለው። እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አገጩን ሳይለቁ ረጋ ብለው መለሱለት። ይህኛውን ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፦ "ኢሎናን አውቃታለሁ፣ ጥሩ ልጅ አሳድጋለች አሉ።"

ያ ረጅም ሰው እግራቸው ስር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ቀን እራታቸውን በሉ። ስወጣ እስከ ሊፍቱ ሸኝቶ፣ ሁለት እጄን ይዞ አመሰገነኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሜትሮው ላይ ተቀምጬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የነበረው የማን እንደሆነ ሳስብ፣ ማዮርስቱን አልፎኝ ሁለት ጣቢያ ሄድኩ።

እትዬ ኢሎና በዚያው ዓመት ቅጠሉ ሲረግፍ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ስቬን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣል። እኔ የማውቀውን አስተምረዋለሁ፤ ቁጥሩን፣ የሊጡን ዘፈን፣ የቀረችኝን ሁሉ። ወስጄው ከሆነ እየመለስኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜም ከግሮንላንድ ስንመለስ ደጅ ቆሞ አገኘነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ዘፈንን። ሊያ ስዕሏን እየቀባች አብራን ስትል ነበር፣ ግማሹን ይዛዋለች። ድንገት እርሳሷን አስቀመጠችና በኖርዌጂኛ "ይሄ የስቬን እናት ዘፈን ነው። የእኛስ?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ የሀንጋሪው ነበር። ሁለተኛም ሞከርኩ፣ ያው ነው የመጣልኝ። ስቬን ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ስልኬን አንስቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

እናቴ የላስታ ልጅ ናት። ልጃገረድ ሳለች ለአሸንድዬ ወገቧ ላይ ቄጠማ አስራ፣ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ እንደነበረች አክስቶቼ ያወሩ ነበር። አንድም ቀን አውጪልኝ ብያት አላውቅም።

"እማዬ፣ አሸንድዬ ላይ ስታወጪ የነበረውን እስቲ ለሊያ ዝፈኚላት። ስፒከር ላይ ነሽ።"

"ለማን?"

"ለሊያ።"

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ እኔ የማላውቀው፣ የልጅ ድምፅ ወጣ። አንደኛውን ስንኝ አለችው፣ ሁለተኛው መሃል ላይ ቆመች። ከላይ ጀመረች። እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። "ቆይ፣ ቆይ፣ መጣልኝ" አለች። አልመጣላትም።

"ጠፋኝ ልጄ" አለች በመጨረሻ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። "ይሄ እኮ አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ስትቀበል ነው። ማን ተቀብሎኝ ልያዘው?"

ሊያ አልገባትም። አያቷ ዝም ስላለች ተራዋ የደረሰ መሰላት መሰለኝ፣ ስልኩን ወደ አፏ ጎትታ የሰማችውን አንዷን ስንኝ በተሰባበረ አማርኛ መልሳ ዘፈነችው።

ከወዲያ እናቴ ወንበር ስትስብ ተሰማን።

"አይደለም" አለች እናቴ። "እንዲህ ነው፣ ስሚኝ።" ቀስ አድርጋ አለችላት። ሊያ ተቀበለች። እንደገና አለችላት፣ እንደገና ተቀበለች። እኔ መሃላቸው ስልክ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ የምጨምረው አንድ ቃል አልነበረኝም።