የዳይሬክተሩ ግትር ዘንግ

ጡረታ ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ ሁሉ አሁንም «ዳይሬክተሩ» ይለዋል። በሌላ ስም ቢጠሩት አይሰማም። ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ከያዘው ቆም ብሎ ስልኩን የሚያይ ይመስላል። የሚያዘው ሰው ሲያጣ ኳስ ልዘዝ ብሎ ጎልፍ ጀመረ።

አዲስ ዱላ ሊገዛ የስፖርት ዕቃ መደብር የገባ ዕለት፣ ሻጯ መረብ ፊት አቁማ ጥቂት ጊዜ አስመታችውና የፍጥነት መለኪያውን አየች።

«ጋሼ፣ ምትዎ ዝግ ያለ ነው። የዱላው ዘንግ ለዘብ ያለ ቢሆን ይሻልዎታል። ሲለመጥ ኳሷን ያነሳልዎታል» ብላ አንዱን አቀበለችው። ዘንጉ ላይ «ለአዛውንት» የሚል ተለጥፏል።

«አዛውንቱ ማን ነው?»

«ኧረ የዘንጉ ዓይነት ነው እንጂ...»

«ከሁሉ ግትሩን አምጪ!»

አመጣችለት። ቢጫኑት ንቅንቅ የማይል፣ ቁርጥ ገዢውን የመሰለ።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ ያየው አበሳ አይነገርም። ኳሷ ከመሬት ሳትነሳ እንደ አይጥ እየሮጠች ቀኝ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ትገባለች። አንዴ ነፋሱን ይረግማል፣ አንዴ ጫማውን፤ በመጨረሻ ሣር አጫጁን ጠርቶ ገሠጸው። አብሮት የሚጫወተው ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ሳቁን በሳል እየሸፈነ፣ «አይዞህ፣ ጥላ ፈልጋ ነው» ይለዋል።

ሚስቱ ትከሻውን ማሸት ሲሰለቻት ዱላውን ይዛ መደብሩ ሄደች፤ ለስላሳውን ዘንግ አስገጠመች፤ ጽሑፉን በጥፍሯ ፍቃ አነሳች።

«አስጠርጌልህ ነው» አለችው።

ሳሎን ውስጥ ወዝወዝ ቢያደርገው ተለመጠ። ቀና ብሎ አያት። እሷ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ዱላውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ ኳሷ ሽቅብ ተነሥታ ቀጥ ብላ ሄደች። ሐኪሙ አፉን እንደ ታካሚዎቹ ከፈተ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ግትሩን ዘንግ ገራሁታ! ጉልበት ነው ዋናው። ላንተ ግን አልመክርህም፤ ወንድነት ይጠይቃል።»

ይህን ሰምቶ የሚተኛ ወንድ የት አለ? ሐኪሙ ሮጦ ግትሩን ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ወለም ብሎት ክሊኒኩን ዘጋ።

ዳይሬክተሩ ብርቱካን ይዞ ከሚስቱ ጋር ሊጠይቀው ሄደ። በር ላይ ቆንጠጥ አድርጋው፣ «እውነቱን ንገረው፤ ነውር ነው!» አለችው። ሐኪሙ ክንዱን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ በተስፋ ዓይን እያየው ጠየቀው፦

«የጎደለኝ ልምምድ ነው አይደል?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱን አየ። ብርቱካኑን አየ።

«በርታ» አለ፤ «እኔንም መጀመሪያ አሞኝ ነበር።»

ሚስቱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ቡና ለምታፈላው ለሐኪሙ ሚስት የዘንጉን ነገር ስትነግራት፣ ሁለቱ ሴቶች እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አለ ሐኪሙ።

«ተዋቸው» አለ ዳይሬክተሩ ብርቱካን እየላጠ፤ «ስለ ጎልፍ ምን ያውቃሉ!»